አገረ ገዢውና ሰባቱ

አምደሚካኤልን «አገረ ገዢው» ሲሉት መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። የምዕራብ ሜልቦርን ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ሊቀመንበር መሆን ምኑ ሹመት ነው? ሰውየው አውቶቡስ ነጂ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የዌሪቢን ሰው ከየሰፈሩ እየለቀመ ባቡር ጣቢያ ያደርሳል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ፉትስክሬይ ውስጥ በኪራይ አዳራሽ ከጠረጴዛው ራስ ተቀምጦ ከምክር ቤቱ ጋር ሲነታረክ ያመሻል። የወጣለትን ስም ሲሰማ አልተቆጣም። እንዲያውም ወደደው። ጣጣው ሁሉ የመጣው ስሙን ከመውደዱ ነው።

የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ የጻፉት አባቶች አምባገነን አይተው የተሰደዱ ሰዎች ነበሩ። እዚህም እንዳይበቅልባቸው ተጨንቀው ተጠበው ሥልጣኑን ለሁለት ሰነጠቁት። ሊቀመንበሩን አባላቱ በቀጥታ ይመርጡታል፤ ምክር ቤቱንም ለብቻው ይመርጣሉ። ምክር ቤቱ እጅ ያላወጣበትን ሊቀመንበሩ አይሠራም፤ ሊቀመንበሩ ማኅተም ያላሳረፈበትን ምክር ቤቱ አይሠራም። ሲያነቡት ያምራል። በተግባር ግን የአዳራሹ የሻይ ውሃ ማፍያ ከተበላሸ ዓመት ሊሞላው ነው። ምክር ቤቱ አንድ ዓይነት ማፍያ ይመርጣል፣ አምደሚካኤል «አላጸድቅም» ይላል፤ እሱ ሌላ ያቀርባል፣ እነሱ እጃቸውን አጣጥፈው ጣራ ጣራ ያያሉ። እንግዲህ እንዲህ ያለ የተከበረ መንግሥት ነው የቧንቧ ውሃ እየጠጣ የሚሰበሰበው።

ጠቡ የቦታ ጠብ ነው። ቀድመው የመጡት ሰዎች ከፉትስክሬይ አይነቅሉንም ይላሉ፤ ገበያው እዚያ፣ ባቡሩ እዚያ፣ ወዳጅ ዘመዱ እዚያ። ልጆች የወለዱት ደግሞ ቤት ፍለጋ ወደ ከተማው ዳር፣ ወደ ዌሪቢ ወጥተዋል፤ አዳራሹ ወደ እኛ ይምጣ ባይ ናቸው። አምደሚካኤል በዌሪቢ ሰዎች ድምፅ ሊቀመንበር ሆነ። ምክር ቤቱን ግን ፉትስክሬይ ወሰደው፤ ከስምንቱ አባላት ሰባቱ የዚያ ወገን ናቸው። የሱ ሰው ዋቅጋሪ ብቻ ነው፤ የዌሪቢ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ አማርኛን ትምህርት ቤት የተማረ፣ ከመናገሩ በፊት ቃሉን አንድ በአንድ የሚመርጥ ጨዋ ልጅ። የአዳራሹ ኪራይ ኅዳር ላይ ያልቃል። ያን ቀን ማኅተሙ በእጁ የተገኘ ሰው የማኅበሩን ዕድል ይወስናል።

የሰባቱ አለቃ አፈ ጉባኤዋ እትዬ ያለምዘውድ ናቸው። ፉትስክሬይ ውስጥ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። አምደሚካኤል ከሱዳን የስደተኛ ካምፕ የመጣ ዕለት አየር ማረፊያ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው፤ ሳሎናቸው ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው አስተኝተውታል፣ የሚኖርበትን ቤት ፈልገውለታል፣ በኋላም ልጁን ሊናን ክርስትና አንሥተዋል። ከዚያ ወዲህ እሱን «አበልጄ» ከማለት በቀር በሌላ ስም ጠርተውት አያውቁም ነበር። ምርጫው ካለፈ በኋላ ግን «ክቡር ሊቀመንበር፣ እርስዎ» ይሉታል። ያቺ «እርስዎ» ከስድብ ትከፋበታለች፤ እሱም ብድሩን «ክብርት አፈ ጉባኤ» እያለ ይመልሳል።

አምደሚካኤል በዚህ ዓለም ላይ ከልቡ የሚሳሳላት አንዲት ሰው አለች፤ ደሴ ያለችው ታላቅ እህቱ ዓለምጸሐይ። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ድክ ድክ ይል ነበር፤ ታናሹ ጡት አልጣለም ነበር። አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እሱና ታናሹ ራጉኤል ራሳቸውን እስኪችሉ ትዳር አልያዘችም። እቴቴ ይላታል። ከተሰደደ ወዲህ ያገኛት አንዴ ብቻ ነው፤ ዘንድሮ ግን እመጣለሁ ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር። እሑድ እሑድ ይደውልላታል። ከክረምቱ ጀምሮ ድምጿ ቀጥኗል። «ትንሽ ጨጓራዬን ነው፤ ደህና ነኝ» ትላለች። በሩቅ ላለ ሰው ሕመም እንደማይነገር አምደሚካኤል ያውቃል፤ እሱም የሐሞት ቀዶ ጥገና ያደረገ ጊዜ «ጉንፋን ይዞኝ ነው» ብሏት ነበር። ቢሆንም አመናት። ካላመናት መሄድ ሊኖርበት ነው፤ ከሄደ ደግሞ ኅዳር ላይ አይኖርም።

በመስከረም መጨረሻ፣ ሞቃቱ የሰሜን ነፋስ የአዳራሹን መስኮት ሲያንኳኳ በዋለበት ቅዳሜ፣ እትዬ ያለምዘውድ በአጀንዳ ያልተያዘ ሐሳብ አቀረቡ።

«ክቡር ሊቀመንበር ብዙ ደክመዋል» አሉ፣ ወደሱ ሳያዩ። «የሁለት ወር ፈቃድ ወስደው አገር ቤት ደርሰው እንዲመለሱ ምክር ቤቱ ይወስንልን። ይህን የምትደግፉ?»

ሰባት እጆች ወጡ። ቅዱሳን እንኳ፣ በቃለ ጉባኤ ላይ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ያለ ክርክር የማያሳልፈው ችኮው ቅዱሳን፣ ቶሎ ብሎ እጁን አነሣ። ከዚያ ቀስ ብሎ ስምንተኛው ወጣ፤ የዋቅጋሪ።

አምደሚካኤል ሳቀ። ሳቁ ለራሱም አልጣመውም። ደንቡን በቃሉ ያውቀዋል፤ ሊቀመንበር ከአንድ ወር በላይ ከራቀ ማኅተሙ ወደ አፈ ጉባኤዋ ያልፋል። ሁለት ወር ማለት ኅዳርን አልፎ መምጣት ማለት ነው። ተነሥቶ ውሳኔው ላይ «አላጸድቅም» ብሎ ጻፈበትና ማኅተሙን መታበት። በማኅበሩ ታሪክ የራሱን የዕረፍት ፈቃድ የሻረ የመጀመሪያው ሊቀመንበር ሆነ።

መኪናው ጋ ሲደርስ እትዬ ያለምዘውድ ነጠላቸውን ነፋስ እየነጠቃቸው ከኋላው ደረሱ።

«እህትህ እንዴት ናት?» አሉት። አንተ አሉት።

«ደህና ናት።»

«አነጋገርካት?»

«እሑድ እሑድ አነጋግራታለሁ።»

«ስልክ ምን ይሆናል፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ነው እንጂ። ሂድ፣ አበልጄ። በሚካኤል ይዤሃለሁ፤ ሂድና እያት።»

«ኪራዩስ?»

«ኪራዩ ይቅር። እሱ አሁን ምን ያደርጋል።»

«ገባኝ» አላቸው። «በምርጫ ያልጣላችሁኝን በአውሮፕላን ልትጥሉኝ ነው። ክብርት አፈ ጉባኤ፣ እህቴን በዚህ ነገር ውስጥ አታስገቡብኝ!»

አፋቸውን ከፈቱ። የሆነ ነገር ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ እሱ አየው። ከዚያ መኪናውን አዩ፣ የያዘውን ቁልፍ አዩ፣ አፋቸውን ገጠሙት። ነጠላቸውን ሰብስበው ሲመለሱ ከጀርባ ሲያያቸው፣ ተንኮሉ የተነቃበት ሰው መስለው ታዩት። ደስ ብሎት ነድቶ ሄደ፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም፣ በጣም ደስ ብሎት ነበር።

በማግሥቱ ሲደውል ስልኩን ያነሣችው የእህቱ ልጅ ናት።

«ተኝታለች፣ ጋሼ። ደህና ናት። መቼ ነው የሚመጡት?»

«ለገና እመጣለሁ በያት።»

«ለገና?» ብላ ደገመችው። «እሺ» አለች በኋላ። «እነግራታለሁ።»

በሚቀጥለው እሑድም ተኝታ ነበር፤ በሚቀጥለውም። ልቡ አንድ ነገር ሹክ ብላው ነበር። «ዝም በይ» አላት። ሥራ ነበረበት፤ ዌሪቢ ውስጥ አዲስ አዳራሽ አግኝቶ ነበር፣ ሰፊ ፓርኪንግ ያለው፣ ልጆች የሚሯሯጡበት ሣር ያለው። ያን ካስወሰነ በኋላ ይሄዳል። ከዚያ ማንም አይይዘውም።

ነገሩ መክበድ የጀመረው በጥቅምት ወር በአንዱ ሐሙስ ማታ ነው። ከሥራ ሲገባ ሚስቱ አዜብ ዓይኗ ቀልቶ አብጦ ጠበቀችው።

«ምን ሆነሻል?»

«ሄይ ፊቨር ነው» አለችው። የሣር ብናኝ የሚበንበት ወቅት ነው፤ በዚያ ሰሞን የሜልቦርን ሰው ግማሹ እያለቀሰ ነው የሚሄደው። አመናት። ከተማ መሃል የምትኖረው ልጁ ሊና ግን ከየት መጣች? በሥራ ቀን ዌሪቢ ድረስ መጥታ አታውቅም። አንገቱን አቅፋ አልለቅም አለችው።

«ምነው? ሥራ የለሽም?»

«አይ ጀስት ሚስድ ዩ፣ ዳድ» አለችው ደረቱ ላይ እንደተደፋች። ቀጥላም ስልኩን ተቀበለችው፤ የተሰነጠቀ ስክሪኑን ላስቀይርልህ ብላ። ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ዓመት አልፎታል፤ ዓይኗን ጥላበት አታውቅም።

ዓርብ ዕለት አውቶቡሶቹ በሚያድሩበት ዲፖ ውስጥ አለቃው ግሬግ ትከሻውን ያዝ አደረገው። አውስትራሊያዊ ነው፣ ቀይ ፊት፣ ክፉ የማያውቅ ሰው። «ልጅህ ደውላልኝ ነበር፣ ማይት» አለው። «ከሰኞ ጀምሮ የምትፈልገውን ያህል ፈቃድ ውሰድ። ሺፍትህን ሸፍነነዋል። ሶሪ።»

«ምን ፈቃድ?» አለ አምደሚካኤል። «እኔ ፈቃድ አልጠየቅኩም።»

ግሬግ ፊቱን አየው። ቀዩ ፊቱ ባሰበት። «ኖ ዎሪስ፣ ኖ ዎሪስ» አለና ያልጠራ ስልክ አንሥቶ ጆሮው ላይ ለጠፈ።

አምደሚካኤል አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሣ ተቀመጠ። እዚህ አገር ሶሪ ማለት ክርን ለነካም ነው፤ ለሶሪው አልተጨነቀም። ፈቃድ የምትለዋ ቃል ናት ያንገበገበችው። ፈቃድ ስጡት ያሉት ሰባቱ አይደሉም እንዴ? ሊና የማን የክርስትና ልጅ ናት? እዚህም ደረሱ! ቤቱ ውስጥ ገብተው፣ ልጁን ይዘው፣ እስከ ሥራ ቦታው መጡ። ያን ቀን ሁለት ፌርማታ ሳያቆም አልፎ ሰው ጮኸበት።

ቅዳሜ ወደ አዳራሹ ሲገባ መጀመሪያ የሰማው ውሃ ሲፈላ ነው። አዲስ የሻይ ማፍያ ጥግ ላይ ቆሟል። እሱ ይገዛ ያለው፣ እነሱ ዓመቱን ሙሉ አይሆንም ያሉት፣ ያው ራሱ። ማን ገዛው ብሎ ሊጠይቅ ዘወር ሲል ሁሉም ከመቀመጫቸው ተነሥተው አገኛቸው። ሰባቱም ዋቅጋሪም። ለማንም ተነሥተው የማያውቁ ሰዎች ቆመው እስኪቀመጥ ጠበቁት። እትዬ ያለምዘውድ በገዛ እጃቸው ሻይ ቀድተው፣ ስኳሩን እንደሚወደው አድርገው፣ ፊቱ አኖሩለት። እሱ ግን አልነካውም። ከፋ ካለም መርዝ ነው ብሎ አሰበ፤ ወዲያው ባሰበው አፈረ፤ ሻዩን ግን አሁንም አልነካውም።

ወደ ዌሪቢ ስለመዛወር የሚከራከርበትን ንግግር ሳምንቱን ሙሉ መሪ ላይ ሆኖ ሲያጠናው ነበር። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሐሳቡን ሁላችንም እናውቀዋለን» አሉ እትዬ ያለምዘውድ በቀስታ። «የምትደግፉ?»

ስምንት እጆች።

«አልፏል» አሉ።

አምደሚካኤል ያጠናውን ንግግር ሳይጀምረው ቀረ። ለስንት ጊዜ የተጣሉበት፣ ሰው ከሰው ሰላምታ የተነፋፈገበት፣ እሱና አበልጁ ሆድና ጀርባ የሆኑበት ነገር ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ማሸነፍ እንዲህ ነው እንዴ? እንደ ልጅ መዝለል ሲገባው የሰዎቹን ፊት በየተራ አየ።

«ለምን?» አለ።

«እርስዎ እንዳሉት ይሁን ብለን ነው።»

«ቅዱሳን፣ አንተስ? ምንም አስተያየት የለህም?»

ቅዱሳን ጠረጴዛውን እያየ ራሱን ነቀነቀ። ያ ሁሉ ምላስ የት ገባ?

ሰው ሲፈራ ደፋር የሚሆንበት ጊዜ አለ። አምደሚካኤል ሊፈትናቸው ፈለገ። የማይዋጥ ነገር፣ ማንም ጤነኛ ምክር ቤት የማይቀበለውን ነገር ፈለገና አገኘ። «እንግዲያው ዝውውሩ እስኪያልቅ ድረስ» አለ፣ ድምፁ እየሻከረ፣ «የምክር ቤቱ ሥልጣን ለሊቀመንበሩ ይሰጥ። አፈ ጉባኤዋም ከቦታቸው ይነሡ።»

አሁን ይጮኻሉ ብሎ ጠበቀ። ጠረጴዛ ይደበደባል፣ ወንበር ይወድቃል። ማፍያው ብቻ ይንተከተካል። ከዚያ እትዬ ያለምዘውድ ከሁሉም ቀድመው እጃቸውን አነሡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ዓመቱን ሙሉ የተመኘውን ሥልጣን ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ በጸጥታ አስረከቡት።

አምደሚካኤል በሕይወቱ የፈራባቸው ቀናት ነበሩ። በእግሩ ድንበር ያቋረጠ ሰው ነው። እንደዚያ ቀን ግን ፈርቶ አያውቅም። ሰው እንዲህ ዝም የሚለው ነገሩን አስቀድሞ ሲጨርስ ነው አለ በልቡ። ሊጥሉት ያሰቡትን ሰው ነው እንዲህ የሚያባብሉት።

ውጭ ዋቅጋሪን እጁን ያዘው። «ንገረኝ። አንተ የኔ ሰው ነህ። ምን እየተደገሰልኝ ነው?»

«ምንም የለም፣ ጋሼ» አለ ዋቅጋሪ። ቃል እየመረጠ ነበር፤ ዛሬ ግን የጠፋበት ቃሉ ብቻ አይደለም። ዓይኑን ሊያሳየው አልቻለም። «ዛሬ ቤትዎ ይረፉ። ነገ ጠዋት… ቤት ነዎት አይደል?»

«ለምን ጠየቅከኝ?»

«እንዲሁ ነው» አለና እጁን ቀስ ብሎ አስለቅቆ ሄደ።

ነገ ጠዋት። እንግዲህ ቀኑን አወቀው። በዌስት ጌት ድልድይ ላይ ሲነዳ ነገሩ ሁሉ ተገጣጠመለት፦ የሰጡትን ሥልጣን ያሰፈሩበትን ቃለ ጉባኤ ለአባላቱ ያሳያሉ፣ «ይኸው አምባገነን» ይላሉ፣ ጠዋት ቤቱ ድረስ መጥተው በምስክር ፊት ማኅተሙን ይቀሙታል። እሱ ራሱ ነው በገዛ አፉ ወጥመዱ ውስጥ የገባው። እንዴት ያለ ብልሃት ነው! እትዬ ያለምዘውድን በጥላቻው መሃል አደነቃቸው።

ቤት ሲደርስ እራት ቀርቦ ነበር። አዜብ ዶሮ ሠርታለች፤ በዓል አይደለ፣ እንግዳ የለ።

«ነገ ጠዋት ይመጡብኛል» አላት ገና ከመቀመጡ።

«እነማን?»

«ሰባቱ። ዋቅጋሪም አብሯቸው ነው፤ ሸጦኛል።»

አዜብ አፏን በእጇ ያዘች። ተነሥታ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ ቧንቧው ረጅም ጊዜ ሲፈስ ተሰማ። ለኔ ፈርታ ነው አለ፤ አንጀቱን በላችው። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር። «እባክህ ብላ» አለችው። «ዛሬ ደህና አድርገህ ብላልኝ።» ደግሞም አጎረሰችው። አዜብ ካጎረሰችው ስንት ዘመኑ ነው፤ ሁለተኛም ሦስተኛም አከታተለችበት።

ጉርሻው አለዘበው። ያሸነፈው ነገርም፣ ወጥመድ ይሁን አይሁን፣ አሁን ገና ሞቅ አለው። «ሊና፣ ስልኬን ነገ መልሺልኝ» አለ። «እሑድ ነው፣ ለእቴቴ መደወል አለብኝ። ዌሪቢ አለፈልኝ እላታለሁ። ነገ ይሄን ነገራቸውን ልወጣውና ሰኞ ትኬት ቡክ ታደርጊልኛለሽ። ገናን አልጠብቅም። በቃ፣ እሄዳለሁ።»

ሊና ሳህኗን ይዛ ወደ ማብሰያ ቤት ገባች። አልተመለሰችም። ሳህን ሲሰበር ተሰማ፤ ማንም ምን ሆንሽ ብሎ አልጠየቀም።

ጎሕ ሲቀድ የመኪና በር ድምፅ ቀሰቀሰው። አንድ ብቻ አልነበረም፤ ብዙ በር፣ ሁሉም በቀስታ የሚዘጋ፣ ሰው እንዳይሰማ በእጅ ተገፍቶ። ከአልጋው ወርዶ የመስኮቱን መጋረጃ በጣቱ ገለጥ አደረገ። በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ከጎረቤቶቹ የቆሻሻ መጣያዎች ጎን፣ መኪና ተደርድሯል። ጥላ ጥላ የመሰሉ ሰዎች ሳይነጋገሩ ወደሱ በር ይሰበሰባሉ። ጃኬት ደርበዋል፤ ብርዱ ገና አልለቀቀም። ሰባት ብቻ ቢሆኑ በተሻለው። የአባላቱ ግማሽ መጥቷል። ምስክሮቹ።

አዜብ አልጋው ላይ የለችም።

ነጭ ሸሚዙን ለበሰ፤ ሲያወርዱትም ቢሆን እንደ ሊቀመንበር ሊወርድ ነው። ማኅተሙን ከትራሱ ሥር አወጣና በጡጫው ጨበጠው። ደረጃውን ወርዶ፣ ከማንኳኳታቸው በፊት በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

«ኑ!» አላቸው። «ኑ፣ ግቡ! ይኸው ማኅተሙ! ለዚህ አይደል የመጣችሁት? በጨለማ፣ እንደ ሌባ! በቀን ብርሃን፣ ጠረጴዛ ላይ ብትጠይቁኝ ምን ነበረበት? ትናንት እጃችሁን አውጥታችሁ ሰጣችሁኝ፣ ዛሬ ልትነጥቁኝ መጣችሁ። ደግሞ ልጄን! በልጄ በኩል ሥራ ቦታዬ ድረስ! እትዬ ያለምዘውድ፣ ይሄን ከርስዎ አልጠብቅም ነበር!»

ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። ቅዱሳን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዝምታቸው በደላቸውን ማመናቸው መስሎት ድምፁን ይበልጥ ከፍ አደረገ፤ የማዶው ጎረቤት መብራት በራ።

«ተናገሩ እንጂ! አንድ ሰው ይናገር!»

ያኔ ሰዎቹ ገለል ገለል አሉና ከኋላቸው አንድ ረጅም ሰው ወደፊት መጣ። የጉዞ ቦርሳው ገና ትከሻው ላይ ነው። ራጉኤል ነው። ታናሹ ራጉኤል፣ ፐርዝ የሚኖረው፣ አገሩን ከዳር እስከ ዳር በአውሮፕላን አቋርጦ ካልሆነ የማይመጣው ራጉኤል። ስለ አዳራሽና ስለ ማኅተም ራጉኤል ምን ያውቃል?

አምደሚካኤል ወንድሙን አየ። ከዚያ የእትዬ ያለምዘውድን ነጠላ አየ፤ ዘቅዝቀውት ነበር፣ ጥለቱ ወደ ላይ። ወደ ኋላው ዞረ። አዜብ ደረጃው ሥር ጥቁር ለብሳ ቆማለች፣ ሊና ክንዷን ይዛታለች።

«እቴቴ?» አለ።

ራጉኤል ወደሱ ተራመደ። ቦርሳው ከትከሻው ወደቀ።

እንዴት እንደጮኸ በኋላ የዌሪቢ ሰው ሁሉ አወራው። ደረቱን በጡጫው ይመታ ጀመር፤ ማኅተሙ በእጁ እንዳለ ረስቶታል፣ ራሱን በራሱ ቀለም የሚነካ ዓይነት ነው። በመታ ቁጥር የማኅበሩ ክብ ምልክት ነጭ ሸሚዙ ላይ ሐምራዊ ሆኖ ያርፋል። ወንዶቹ ሊይዙት ሞከሩ፤ ዋቅጋሪ ከወገቡ አቅፎት ያለቅሳል። በመጨረሻ እትዬ ያለምዘውድ ጡጫውን በሁለት እጃቸው ያዙና ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፈቱ። ማኅተሙን ወሰዱበት። ጫማ መደርደሪያው ላይ አኖሩት፤ ከዚያ በኋላ ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ልቅሶው በረድ ሲል፣ ወለሉ ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ አስቀምጠውት፣ ሰባቱም ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረው ሳለ፣ ቀና አለ።

«መቼ ነው?»

«ሐሙስ» አለ ራጉኤል። «ቀብሩ ዓርብ ተፈጸመ። እኔ እስክደርስ ብለው ነው ያልነገሩህ።»

አምደሚካኤል ሐሙስን አሰበ፣ ዓርብን አሰበ፣ የትናንቱን ስብሰባ አሰበ። ስምንት እጆች። ያልነካው ሻይ። ለሐዘንተኛ መነሣታቸው ነበር፤ ከሐዘንተኛ ጋር ላለመከራከር ነበር። ከዚያ ሐሳቡ ወደ ኋላ ሄደ፣ ወደ መስከረም፣ ወደዚያ ነፋሻ ቅዳሜ፣ እና እዚያ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ።

«ፈቃዱን የሰጣችሁኝ ጊዜ» አለ። «ያኔ ታውቂ ነበር?»

እትዬ ያለምዘውድ አጠገቡ ተቀምጠው እጁን ያዙ።

«አበልጄ፣ በሚካኤል ይዤሻለሁ።»

«የእህቴ ልጅ ደሴ፣ የተኛችበት ሆስፒታል ነርስ ናት» አሉ፣ እጁን እንደያዙ። «እንደማትተርፍ ነገረችኝ። ለብቻህ መንገድ ላይ፣ መኪና ልትነዳ ቁልፍ ይዘህ፣ እንዴት አድርጌ ልንገርህ? በምን አፌ? በፈቃድ አሳበን ብንልክህ ትደርስላታለህ ብለን ነበር።»

«ትጠራኝ ነበር?»

«በየቀኑ። ጠዋት ስትነቃ፣ ተነሣ ወይ፣ ትል ነበር።»

«ምን አላችኋት?»

እትዬ ያለምዘውድ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ።

«መንገድ ላይ ነው አልናት።»